የዘፋኙን ስም ብቻ ጠርታችሁ አትለፉ

ይድረስ በአገራችን ለሚገኙ የሬዲዮ ጣቢያዎች የሙዚቃ ክፍል ኃላፊዎች፣ ለዘፈን ምርጫ ዝግጅት አቅራቢዎችና ለሙዚቃ ክምችት ክፍል ሠራተኞች፤

ጉዳዩ፦ የቀድሞ የፍቅር ዘፈኖች ሲተላለፉ የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለቤቶች ስም እንዲጠራ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶች፣

ማታ ሬዲዮ ከፍቶ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚያዞር ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የቀኑ ወሬ፣ የስፖርቱ ትንታኔና ማስታወቂያው ጋብ ሲል የሚመጣው ዘፈን ብዙ ጊዜ ከሠላሳ፣ ከአርባ፣ አንዳንዴም ከሃምሳ ዓመት በፊት የተዘፈነ የፍቅር ዘፈን ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ሒሩት በቀለ፣ ሙሉቀን መለሰ፤ ከእነርሱ ቀጥለው የመጡት ኤፍሬም ታምሩ፣ ኩኩ ሰብስቤ፣ ቴዎድሮስ ታደሰ፣ ንዋይ ደበበ። ደውለው የሚያስመርጡት የዘመኑ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ዘፈኑ ሲቀረጽ እናቶቻቸው ገና ልጃገረድ የነበሩ ወጣቶችም ግጥሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው ይወጡታል። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚወዛወዙት በእነዚህ ዘፈኖች ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ሆነ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ማታ የሚሰማው ይኸው ነው።

ይህን ስላደረጋችሁ ምስጋና ይገባችኋል። የጻፍኩላችሁ ግን አንድ ነገር ለመለመን ነው። ዘፈኑን ስታሰሙን የዘፋኙን ስም ብቻ ጠርታችሁ አትለፉ። ግጥሙን የጻፈውን፣ ዜማውን የደረሰውን፣ ያቀናበረውን ሰውና ያጀበውን ባንድ አብራችሁ ጥሩልን። ዘፈኖቹ እስከ ዛሬ የቆዩበት ምክንያት ያለው እነዚህ ስማቸው የማይጠራው ሰዎች ዘንድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ትዝታ ነው» ብሎ ይገላገላል። ሰው የወጣትነት ዘመኑን ስለሚናፍቅ የወጣትነቱን ዘፈን ይወዳል ይባላል። ይህ አባባል ስለ እኔና ስለ እኩዮቼ ጥቂት እውነት ሊኖረው ይችላል። በ1990ዎቹ ስለተወለደች ልጅ ግን ምንም አይነግረንም። እርሷ በዚያ ዘመን አልኖረችም፤ የምትናፍቀው የለም። ያም ሆኖ ትራሷ ላይ ተደፍታ የብዙነሽን ድምፅ ትሰማለች። የያዛት ዘመኑ ሊሆን አይችልም፤ ዘፈኑ ራሱ ነው። ዘፈኑ ደግሞ የተሠራ ነገር ነው። ሰዎች ተቀምጠው፣ ጽፈው፣ ሰርዘው፣ ተለማምደው የሠሩት።

ግጥሙን ብቻ እንይ። በዚያ ዘመን የነበረ ጥሩ የፍቅር ግጥም ሁለተኛ መደብ ላይ ይቆማል፤ «አንቺ» ወይም «አንተ» እያለ ፊት ለፊት ያናግራል። ስም አይጠራም፤ ስለዚህ ሰሚው የራሱን ሰው ያስገባበታል። የወደዳትን ሴት ዓይንና ጥርስ ዘርዝሮ አይጨርስም፤ ይልቅ እርሷ በሌለችበት ቤት ምን እንደሚመስል፣ መንገድ ላይ ሲያገኛት አፉ እንዴት እንደተያዘ ይናገራል። ሲለያዩ እንኳ አይሳደብም። ቢከዳም፣ ቢቆስልም፣ ለሄደችው ደኅና እንድትሆን ይመኛል። ይህ ጨዋነት ነው ለኔ ከሁሉም በላይ የሚደንቀኝ፤ ልብ የተሰበረ ሰው በንዴት ሰዓት ሊናገረው ያልቻለውን ሌላ ሰው አስቦበት በአራት ስንኝ ጻፈለት። ከዚያም ዜማው ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቃል ከቃል እንዳይደራረብ ቦታ ይሰጠዋል፤ ዘፋኙ የስንኙን መጨረሻ እያርገበገበ ሲይዘው ሰሚው የሰማውን ለማሰላሰል ጊዜ ያገኛል። አዝማቹ ሲመለስ ቃሉ ያው ሆኖ ትርጉሙ ከብዶ ይመለሳል፤ በመሐል የሰማነው ስንኝ ለውጦታልና።

ስለ ቅንብሩ ደግሞ ከዚህ በላይ መናገር ይቻላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። እነዚህን በትራምፔት፣ በሳክስፎንና በፒያኖ ማጀብ ቀላል ሥራ አልነበረም። ከውጭ የመጣውን የአጀብ ስልት እንዳለ ቢጭኑበት ዜማው ይታፈናል። ይህን ችግር በጽናት ከያዙት አንዱ ኔርሰስ ናልባንዲያን ነበሩ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ የአርመን ልጆች ባንድ የመራው የኬቮርክ ናልባንዲያን የወንድም ልጅ ናቸው። ኔርሰስ የቲያትር ቤትና የፖሊስ ሙዚቀኞችን እያሠለጠኑ፣ ባለ አምስት ድምፁን ዜማ ሳይሰብሩ በትልቅ ኦርኬስትራ የማጀብ መንገድ አበጁ። ከእርሳቸውና ከዘመን ጓደኞቻቸው ወዲህ ነው የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከዘፋኙ ጋር ሳይጋፉ እርሱ ዝም ሲል የሚመልሱለት፤ ዛሬ ስንሰማው «የድሮ ዘፈን» የምንለው ያ ለዛ የመጣው ከዚህ ሥራ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰሚ ስንት ነው? ሬዲዮ ካልነገረው ከየት ይሰማል?

በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች ዘመን ግጥምና ዜማ የሚደርሱት ሰዎች በአብዛኛው ደመወዝተኞች ነበሩ። ሥራቸው የክፍሉ ሥራ ነበር፤ መድረክ ላይ የሚወጣውና ሕዝብ የሚያውቀው ዘፋኙ ነው። የክብር ዘበኛው ሣህሌ ደጋጎ ለስንት ድምፅ ዜማ እንዳወጡ የሚያውቅ የሙያው ሰው ብቻ ነው። በ1961 ዓ.ም. አካባቢ አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተም ሥራ ሲጀምር ነገሩ በጥቂቱ ተለወጠ። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ አምሃ ያንን ደፍሮ አለፈና የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ወደ ሕንድ ልኮ አሳተመ። በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎች አወጣ። በአንዳንዶቹ መሐል ላይ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ ከዘፋኙ ሌላ የአቀናባሪው ስም ሰፍሮ ይገኛል። ከእነዚያ አቀናባሪዎች አንዱ ግርማ በየነ ነው። በራሱ ድምፅ የቀረጻቸው ዘፈኖች አራት ናቸው፤ ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን ከ60 ይበልጣሉ። በ1973 ዓ.ም. ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረና ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ኖረ። እኛ እዚህ በእርሱ ቅንብር እየተጋባን፣ እየተለያየንና እየታረቅን ስሙን አልጠራንም።

ያን ጊዜ የቀረጻ መሣሪያው ዘፋኙንና ባንዱን አንድ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ነበር የሚይዘው። አንዱ ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግማል። የሸክላው አንድ ገጽ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝም መግቢያው፣ ስንኙ፣ መሸጋገሪያውና መዝጊያው በዚያች ጊዜ ውስጥ መጠናቀቅ ነበረበት። ትርፍ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ዛሬም ዘፈኖቹ የማይሰለቹት በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሌሊት ተዘጋ። አምሃም በ1967 ዓ.ም. አገር ለቆ ሄደ። ሸክላው ቆመና ካሴት ተተካ። ስለዚህ ዘመን ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው የተዘጋው የምሽት ክለብ ነው፤ እኔ ግን የሌላውን ወገን ማለትም የቤቱን ታሪክ ማንሳት እፈልጋለሁ። ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል። ሬዲዮው ስለ አብዮቱ ያወራል፤ የቀበሌ ኪነት ስለ ምርትና ስለ ግንባር ይዘምራል። ግጥም ሁሉ በሳንሱር በኩል ያልፋል። በዚያ መሐል ስለ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚናገር ካሴት ወደ ቤት ሲገባ ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከቤተሰቡ ጋር፣ ደጋግሞ ይሰማዋል። ወንድሙ ዘማች፣ እጮኛው የተሰደደች፣ ልጁ የጠፋበት ሰው ሁሉ «ሄድሽብኝ» የሚለውን ስንኝ በየራሱ ጉዳይ ተረጎመው። የዘመኑ ልጆችም እዚያው ክፍል ውስጥ ተኝተው ሰሙት። ዛሬ ያ ዘፈን ከእናትና ከአባት ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ በልጆቻቸው ጆሮ የቀረው በዚህ መንገድ ነው። ሮሃ ባንድ፣ ዳህላክ ባንድና ዋልያስ ባንድ የዚያን ዘመን ካሴት ተሸከሙት። ጆቫኒ ሪኮ፣ ሰላም ሥዩም፣ ፈቃዱ አምደመስቀል፣ ዳዊት ይፍሩ፤ እነዚህን የሙዚቀኞች ስሞች በሬዲዮ ከዘፈኑ ጋር አያይዛችሁ የጠራችሁት መቼ ነው?

በወጣትነቴ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ስሞቹ እንዴት እንደጠፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ዋናው ካሴት ከውስጡ የሚታጠፍ ወረቀት ነበረው። ከዘፋኙ ፎቶግራፍ ጀርባ የዘፈኖቹ ርዕስ፣ ከየርዕሱ ፊት ለፊት «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ ከታች ደግሞ «ቅንብር» እና የባንዱ ስም ይታተም ነበር። ይልማ ገብረአብ፣ አበበ መለሰ፣ ዓለምፀሐይ ወዳጆ የሚሉትን ስሞች የለየሁት ከዚያ ወረቀት ነው። ዋናውን ለመግዛት አቅም ያልነበረው ደንበኛ ግን ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣና እንዲገለበጥለት ይጠይቃል። በግልባጩ ላይ በእስክሪብቶ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው፤ ሌላ የሚጻፍበት ቦታም፣ የሚጠይቅም የለም። ከዚያ ግልባጭ ሌላ ግልባጭ ይወጣል። በኋላ ሲዲ መጣ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ ተገለበጠ። ዛሬ በየጣቢያው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ፋይል ስም የዚያ በእስክሪብቶ የተጻፈ ግልባጭ የልጅ ልጅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደንበኞቹ ዘፈን ሲፈልጉ ርዕሱን አያውቁትም ነበር። አንድ ስንኝ ይናገራሉ፤ ወይም አፍረው አንገታቸውን ደፍተው መግቢያውን በአፋቸው ያንጎራጉሩታል። ዘፈኑ ያስያዛቸው በደራሲውና በአቀናባሪው በኩል ነበር ማለት ነው፤ የጠሩልን ስም ግን የዘፋኙን ብቻ።

ይህን የማነሳው የዘፋኞቹን ክብር ለመቀነስ አይደለም። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር በሙሉ ያለቀሰው በምክንያት ነው፤ ያን ድምፅ የሚተካ አልተገኘም። ግን ራሱን ዘፋኙንም በሙሉ መልኩ የምናውቀው ምን እንደተሰጠውና በተሰጠው ላይ ምን እንደጨመረ ስናውቅ ነው። ሌላም አለ። ብዙ ወንዶች ለሚወዷት ሴት ያሉትን በቃላቸው የተማሩት ከወንድ ዘፋኝ አፍ ነው። ከእነዚያ ቃላት ጥቂት የማይባሉት ግን በሴት እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ሸዋሉል መንግሥቱና ዓለምፀሐይ ወዳጆ ለወንድም ለሴትም ድምፅ ጽፈዋል። አንድ ወንድ ስለ ናፍቆቱ የሚናገርበትን ቋንቋ የሰጠችው ሴት መሆኗን ማወቅ ዘፈኑን እንደ አዲስ ያሰማዋል። ስሟ ሳይጠራ ሲቀር የምንቀማው እርሷን ብቻ አይደለም፤ ሰሚውንም ነው።

ሕጉም ከዚህ ጋር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ደራሲ ከሥራው ከሚያገኘው ገንዘብ ሌላ የሥራው ባለቤት መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ የሞራል መብት አለው ይላል። የኢኮኖሚ መብቱ ራሱ ደራሲው ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቀጥላል። ለሥራው ሊከፈል የሚገባው ገንዘብ ጉዳይ ሌላ ረጅም ክርክር ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ነገር ግን ስሙ ያልታወቀን ሰው ማን ይከፍለዋል?

የሚቀርቡትን ምክንያቶች ሰምቻለሁ። ጊዜ የለም ይባላል። ሦስት ስም ለመጥራት የሚፈጀው ጊዜ አንድ ማስታወቂያ ከሚፈጀው እጅግ ያንሳል። ብዙዎቹ ዜማዎች የሕዝብ ናቸው ይባላል። እውነት ነው፤ እንግዲያው «ዜማው የሕዝብ ነው» በሉን፤ የየትኛው አካባቢ እንደሆነ ካወቃችሁም ጨምሩበት። ከሱዳን የተወሰደ ከሆነም ከሱዳን ነው በሉን፤ በዜማ መዋዋስ ለሁለቱም አገር የሚያኮራ እንጂ የሚደበቅ ታሪክ አይደለም፤ ካርቱም ውስጥም የጥላሁንና የማሕሙድ ወዳጆች ሞልተዋል። ሦስተኛው ምክንያት መረጃው የለም የሚለው ነው። ይህኛው ያሳዝነኛል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ወደ ሠላሳ የሚደርሱ ሲዲዎች ሲያወጣ ከየሲዲው ጋር ባለ ብዙ ገጽ መጽሔት አያይዞ ሸክላው የወጣበትን ዘመን፣ ያጀበውን ባንድ፣ በብዛትም ያቀናበረውን ሰው ጽፏል። ከሩቅ የመጣ ሰው ጠይቆ ያገኘውን እኛ በገዛ ቋንቋችን፣ ከባለቤቶቹ ጋር በአንድ ከተማ እየኖርን ማግኘት ያቅተናል ብዬ አላምንም። ከዚያ ዘመን ደራሲዎችና ሙዚቀኞች መካከል በሕይወት ያሉ አሉ። ዓለማየሁ እሸቴንም አምሃ እሸቴንም በ2013 ዓ.ም. አጥተናል፤ ሙሉቀን መለሰም በ2016 ዓ.ም. አርፏል። ለመጠየቅ ያለው ጊዜ እያጠረ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ዛሬ የምታውቁትን ዛሬ ጥሩ። የማታውቁትን «ደራሲውን የምታውቁ ደውሉልን» ብላችሁ አድማጩን ጠይቁ፤ የአድማጭ ዘፈን ምርጫ ዝግጅት ለዚህ የሚሆን የተዘጋጀ መድረክ ነው። የተነገራችሁን በጆሮ ሰምታችሁ አትተዉት፤ በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ከዘፈኑ ስም አጠገብ ጻፉት፤ ነገ ሌላ አቅራቢ ሲመጣ እንዲያገኘው። ሁለት ሰዎች አንዱን ግጥም «የኔ ነው» ቢሉ ሁለቱንም አቅርባችሁ ስሙ፤ ክርክሩ ራሱ ጥሩ ዝግጅት ይወጣዋል። ወጣት ዘፋኝ የድሮውን ዘፈን ደግሞ ሲዘፍነው ደግሞ መጀመሪያ የዘፈነውን ሰው ጨምራችሁ ንገሩን።

በመግቢያው ላይም አታውሩበት፤ መጨረሻውንም አትቁረጡት። በዘፈኑ ውስጥ የአቀናባሪው ድምፅ ብቻውን የሚሰማው እዚያ ላይ ነው። ሳክስፎኑ ዜማውን አስቀድሞ አንስቶ ለዘፋኙ ሲያስረክብ አቅራቢው የስፖንሰር ስም ካነበበበት ዘፈኑ በር እንደሌለው ቤት ይሆናል። በጣቢያችሁ መጋዘን የቆየ የቴፕ ክር፣ ሸክላ ወይም ካሴት ካለ ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ከተገለበጠ በኋላ ሽፋኑንና ወረቀቱን አትጣሉት። ድምፁ በሌላ ሰው እጅ ሊገኝ ይችላል፤ ያ ወረቀት ግን አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እንደ እኔ በሙዚቃ ቤት የሠራን፣ የካሴት ወረቀቶችን ያልጣልን ሰዎች በየከተማው አለን። አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ ውስጥ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ያለውን መዝገብ ለማንበብና ለመገልበጥ ክፍያ አንጠይቅም። ከእናንተ የሚፈለገው ጥሪውን በአየር ላይ ማስተላለፍና የሚመጣውን የሚቀበል አንድ ሰው መመደብ ነው። እኔ በበኩሌ ያለኝን ከሀ እስከ ፐ በዘፋኝ ስም አስተካክዬ ጽፌዋለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ጣቢያ ሁሉ ቅጂውን እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የሙዚቃ ቤት ሠራተኛ
አዲስ አበባ